ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ

ባለፈው የካቲት ወደ ባሕር ዳር ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም መውጫ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ክሪክ ሲፈልግ እኛ ወርደን ከአንድ አጥር ጥግ ተጠለልን። አጥሩ ውስጥ ሰው ውኃ እያጠጣ ነበር መሰለኝ፣ ነፋሱ ሽታውን ይዞልኝ ከተፍ አለ። የራሰ ፍግ፣ የወንዝ አሸዋ፣ ፀሐይ ያሞቀው ጥቁር ፕላስቲክ። ኧረ እኔስ ምን ልበላችሁ! ሰው መሐል መሆኔን ረስቼ "ሰማንያ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ ነው ሰማንያ?" አሉኝ አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ደንገጥ ብለው።

"ሚሊሜትር" አልኳቸው።

ጥቂት አዩኝና ቀስ ብለው ራቅ አሉ። አልፈርድባቸውም።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሞን ነው። እስከ ስምንተኛ ከቡሬ ወዲያ ባለው መንደራችን በአማርኛ ተምሬ ነበር። ሃይ ስኩል ቡሬም ነበር፤ አባቴ ግን "ዘመድ የሌለበት ከተማ ልጄን አላስቀምጥም" ብለው ፍኖተ ሰላም ድረስ አመጡኝ። አባቴ ቄስ ናቸው። ቁጥር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በግዕዝ አኃዝ። ፩ ተብሎ ይጀመራል፤ ከ፩ በፊት የሚጻፍ ነገር የለም። ዜሮን የተዋወቅኋት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ያውም በሰነፍ ተማሪ ደብተር ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ስለዚህ ዜሮን እንደ ነውር ነበር የማያት።

ያረፍኩት የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ስመኝ ቤት ነው። ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ባለው የችግኝ ጣቢያ ነበር የሚሠሩት፣ ውላቸው በየዓመቱ እየታደሰ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ያልተስተካከለ ነገር ዓይናቸው የማይችል ሴት ነበሩ። እንጀራ ሲያቀርቡልኝ እንኳ ወጡ ከመሐል ፈንጠር ካለ መልሰው ያስተካክሉታል። "አንች ልጅ፣ ዓለም የጠፋው በማዳላት ነው" ይሉኝ ነበር። ምን ለማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ስለ ወጡ መስሎኝ ነበር።

ፕላዝማውን ደግሞ ልንገራችሁ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰውዬ ይወጣና ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ ያየናል፤ ከዚያ "ቬሪ ጉድ!" ይላል። የሚያየን መስሎኝ በመጀመሪያው ሳምንት ብድግ ብዬ መለስኩለት። "ቬሪ ጉድ!" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እቴ ምን ቸግሮኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ለእትዬ ስመኝ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም "የሺን የአዲስ አበባው አስተማሪ ጎበዝ አላት" ብለው ጎረቤቱን አዳረሱት። ሰውዬው ሁሉንም ጎበዝ እንደሚል እስካሁን አልነገርኳቸውም።

የካቲት ላይ ውድድሩ መጣ። ዘጠነኛ ኤ እና ዘጠነኛ ቢ ለየራሳቸው መቶ መቶ የግራቪሊያ ችግኝ ይረከባሉ፤ በትምህርት ቤቱ ጓሮ መደብ ላይ ያሳድጋሉ፤ በአምስተኛው ሳምንት ችግኙ የረዘመለት ክፍል ከፋሲካ በኋላ ጢስ ዓባይን ሊያይ ይሄዳል። ጢስ ዓባይ! ከብር ኖት ጀርባ ላይ ብቻ የማውቀው ፏፏቴ! እኛ ቢዎች ያን ቀን ከክፍል ስንወጣ መሬት አልረገጥንም።

ይህን ያመጣው የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ሙሉቀን ነበር። ከወሎ የመጣ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ልጅ እግር ሰው። "በየቅዳሜው ለኩ፣ መዝግቡ" አለን። የእኛ መዝጋቢ እኔ ሆንኩ፣ በደብተሬ ላይ በሰንጠረዥ። የኤዎቹ መዝጋቢ ይበልጣል የሚባል የደምበጫ ልጅ ነው። እጁ የተባረከ፣ መስመር ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ለጥፎ ግራፍ ሠራ፤ በአግድሙ ቀኑን፣ በቁሙ የችግኙን ቁመት። ስሙ ራሱ ይበልጣል ነውና ሴክሽኑ በሙሉ "እንበልጣለን!" እያለ ሲያበሽቀን ይውላል።

ርክክቡ ቅዳሜ ዕለት ነበር። እትዬ ስመኝ ሁለት መቶውን ችግኝ ከጣቢያው እስከ መደባችን በሸክም አመላለሱ። አንዲት ሸምበቆ ነበረቻቸው፣ በቢላ አንድ ቦታ ጭረት ያለባት። ችግኙ ከበቀለበት ከየጥቁሩ ፕላስቲክ ቱቦ አፍ ላይ ሸምበቆዋን ያቆማሉ፤ የችግኙ ጫፍ ከጭረቱ ጋር እኩል ከሆነ ያልፋል፤ ከበለጠ ወይ ካነሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዱን ለኤ፣ አንዱን ለቢ፣ አንዱን ለኤ፣ አንዱን ለቢ። ሲያልቅ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና "እንግዲህ ዛሬ አንድ በይ" አሉኝ። እኛም እንለካ ብንል ማስመሪያው ስቶር ተቆልፎበታል፤ ባለ ቁልፉ ለቅሶ ሄዷል። ለመጪው ቅዳሜ ይደር ተባለ።

ከዚያ ውኃ ማጠጣት ተጀመረ። ሰባት ቡድን ሆነን በቀን አንድ ቡድን ተመደብን፣ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ፤ ስማችን በካርቶን ተጽፎ አጥሩ ላይ ታሰረ። ፀሐይ ሳትወጣ ነበር የምናጠጣው። ዐቢይ ጾም ነው፣ ሆዳችን ባዶ ነው፣ ከላህ ወንዝ የቀዳነው ጀሪካን ጀርባችንን ያረጥበዋል፤ ግን ዘፈንና ሳቅ ብቻ! ኤዎች ደግሞ እንቅልፍ ይወዳሉ፣ እነሱ የሚያጠጡት ስድስት ሰዓት ላይ በጠራራ ፀሐይ ነው። እትዬ ስመኝ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "እናንተ ልጆች፣ ውኃውን ለፀሐይ ነው የምታጠጡት!" ብለው ይጮሁባቸው ነበር። ማን ሰማቸው።

በስምንተኛው ቀን ለካን፤ ምልክት ያሰርንባቸው አሥር ችግኞች በአማካይ መቶ አንድ ሚሊሜትር ሆኑ። በአሥራ አምስተኛው ቀን መቶ ሃያ ሁለት። በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን እያልኩ በደብተሬ አሰፈርኩ። ቁጥሩን በቃሌ ይዤው ስሄድ ስመጣ እለዋለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ሲመጣብኝ አማትቤ ነው የማባርረው። የይበልጣልን ግራፍ በመስኮት አሾልኬ አይ ነበር፤ የማየው ግን ወደ ላይ ስንት እንደደረሰ ብቻ ነው። ከታች ምን እንደጻፈ ማን ልብ ብሎት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ኤ መቶ ሃምሳ፣ ቢ መቶ ሰማንያ አምስት! ጮህን፣ ዘለልን፣ አንዱ ጀሪካን እንደ ከበሮ መታ። ያን ጊዜ ይበልጣል እጁን አወጣ።

"አክስቷ ናቸው የሰጧቸው" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። "መጀመሪያውኑ ረዣዥሙን መርጠው ነው። ስንረከብ ማን ለካ?"

ጩኸታችን እንደ ተቆረጠ መብራት ድርግም አለ። ማንም አልለካማ!

ወሬው እስከ ሰኞ ችግኝ ጣቢያ ደረሰ። የጣቢያው ኃላፊ በሞተር ሳይክላቸው መጥተው እትዬ ስመኝን በሰው ፊት ጠየቋቸው። እትዬ ሸምበቋቸውን አውጥተው "ምስክሬ ይቺ ናት፤ ከጭረቱ ሽቅብ አንድም አላለፈ፣ ቁልቁል አንድም አልወረደ" አሉ።

"ጭረቱን ትናንትም ሊያበጁት ይችላሉ" አሉ ኃላፊው። "ዓርብ ትምህርት ቤቱ ያጣራው ይነገረኝ። ማዳላት ከተገኘ ውሉ አይታደስም።"

እትዬ ስመኝ ሸምበቋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤት ገቡ። ያን ዕለት ወጡን እንጀራው ዳር ላይ ደፍተውልኝ ሳያስተካክሉት ሄዱ። በጣም ፈራሁ። ሥራቸው ከሄደ እኔም ወደ መንደሬ መመለሴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሁሉ የባሰው ግን ሰው እንደ አድሎኛ ሲያያቸው ማየት ነበር። ይበልጣልን ጭቃ ውስጥ ብደፍቀው ደስታዬ ነበር።

ማክሰኞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የፕላዝማው ሰውዬ ስለ ቀጥታ መስመር ማስተማር ጀመረ። "ዋይ ኢንተርሴፕት" አለ፣ እጁን አነሣ፣ ሊያሳየን ሲል መብራት ጠፋ። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ልክ ዋናው ነገር ላይ! ቲቸር ሙሉቀን ግን ያን ቀን ፊቱ በራ። ጠመኔውን አነሣና የኤዎቹንም ተማሪዎች ጠርቶ ከእኛ ጋር አጨናንቆ አስቀመጣቸው።

"ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ" አለ። "በርክክቡ ቀን የለካ የለም፤ እሺ። ግን ችግኞቻችሁ በየቀኑ በእኩል መጠን አድገዋል፤ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ቀጥ ያለ መስመር የመጣበትን አይደብቅም። ወደ ኋላ ጎትቱት፣ ቀኑ ዜሮ እስኪሆን። የቁመቱን ዘንግ የሚነካባት ቦታ እሷ ናት ዋይ ኢንተርሴፕት፤ ስትረከቡት የነበረው ቁመት እሷ ናት። የአንዱ ግራፍ አለ፣ የአንዱ ሰንጠረዥ አለ። አወዳድሩ።"

ኧረ የምን ሒሳብ! ፍርድ ቤት ሆነ እኮ! ይበልጣል ግራፉን ከግድግዳ ነቅሎ አመጣ፤ ማስመሪያውን ነጥቦቹ ላይ አስተኝቶ መስመሩን ወደ ኋላ ሳበው። ዘንጉን ሰማንያ ላይ ነካ። ሰማንያ ሚሊሜትር። ተራው የእኔ ሆነ። ጠመኔ ያዝኩ። ከመቶ አንድ እስከ መቶ ሃያ ሁለት ሃያ አንድ ነው፤ በሰባት ቀን ነውና በቀን ሦስት ሚሊሜትር። የመጀመሪያው ልኬቴ በስምንተኛው ቀን ነው፤ ስምንት ጊዜ ሦስት ሃያ አራት። መቶ አንድ ሲቀነስ ሃያ አራት...

"ሰባ ሰባት!" ብዬ ጮህኩ።

ቢ ሴክሽን በጠቅላላ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሰባ ሰባት ከሰማንያ ያንሳል! እንዲያውም እኛ ነን ዝቅ ብለን የተነሣነው! ቲቸር ሙሉቀን ሰሌዳውን ትንሽ አፍጥጦ አየውና "ደብተርሽን ደግመሽ እይው" አለኝ፤ በጩኸቱ መሐል አልሰማሁትም ብል ይሻላል። ደወል እንደተደወለ በአጥሩ ሾልኬ እትዬ ስመኝ ዘንድ በረርኩ።

እሳቸው ፍግ ይነፉ ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ወንፊቱን አስቀመጡት።

"እንግዲያው ለኤ አደላሁ በያ" አሉ።

"ኧረ እትዬ! እኛ እኮ አነስን..."

"ያነሰ ካለ የበለጠ አለ። ምን ያህል ነው ያልሽው፣ ሦስት? ሦስት ምን ታህላለች?"

ከመቀነታቸው ትንሽ ቋጠሮ ፈቱ፤ የስንዴ ቆሎ ነበረበት። አንድ ፍሬ አንሥተው በሁለት ጣታቸው መሐል ያዙልኝ። "ይችን?"

"እንዲያ ገደማ" አልኩ።

"እኔ ስመኝ የስንዴ ፍሬ ለማታህል ነገር ላዳላ? አንድ ለኤ፣ አንድ ለቢ ስል አጠገቤ ቆመሽ አላየሽም? ያ ሰውዬ ዓርብ ሲመጣ 'የእህቷ ልጅ ራሷ እኩል አይደለም ብላለች' ይላል። ሂጅ፣ ያንን ሒሳብሽን ሠርተሽ ነይ። ወይ ሒሳቡ ይዋሻል፣ ወይ እኔ።"

ቆሌዬ ተገፈፈ። እኔ ማሸነፋችን እሳቸውን ነጻ የሚያወጣ መስሎኝ ነበር! እሳቸው የፈለጉት እኩል መባል ነው፤ ከእኩል አንዲት የስንዴ ፍሬ ወዲህም ወዲያም አይሉም። በገዛ ጠመኔዬ ከሰስኳቸው ማለት ነው።

ሐሙስ ማለዳ የማጠጣቱ ተራ የእኔ ቡድን ነበር። ውድድሩ ቢያልቅም ችግኙ ውኃ ይፈልጋል። ጓደኞቼ ወንዝ ሲወርዱ እኔ በማጠጫው መደቡን እያረጠብኩ አስባለሁ። ሦስት ሚሊሜትር። ሦስት ሚሊሜትር የት አባቷ ሄደች? በቀን የምናድገው ሦስት ሚሊሜትር ነው። ታዲያ የጠፋችው አንድ ቀን ናት ማለት ነው? ቀን ይጠፋል እንዴ?

እትዬ ስመኝ በአጥሩ ወዲያ የራሳቸውን መደብ ያጠጣሉ። አሁንም ፊታቸውን ቋጥረዋል።

"እትዬ" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ፣ "ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስንት ቀን ነው?"

"ስምንት ነዋ! ይህም ይጠየቃል?" አሉና ማጠጫቸውን አስቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። "ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ስምንት። ገበያው በስምንት ቀኑ፣ ልጁ የሚገረዘው በስምንት ቀኑ።"

አብሬያቸው ቆጠርኩ። ስምንት ነው። ሌላ ማን ቢጠየቅ ስምንት ነው የሚለው፤ ሁለት ሳምንትም አሥራ አምስት ቀን ነው፣ አገር ያወቀው። ዓይኔን ሳነሣ ግን አጥሩ ላይ የታሰረው ካርቶን ፊት ለፊቴ ነበር፣ የውኃ ተረኞቹ ስም ያለበት። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሰባት ቡድን። ከተረከብንበት ቅዳሜ እስከ ለካንበት ቅዳሜ ሰባት ጊዜ ነው ያጠጣነው! ሰባት ጊዜ ነው የነጋው! ችግኙ ያደገው ሰባት ቀን ነው፤ እኔ ግን የተረከብንበትን ቀን አንድ ብዬ ቆጥሬ ከስምንት ተነሣሁ፤ ከዚያ ስምንት ቀን ወደ ኋላ ስጎትተው ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ዓርብ ዕለት አገኘሁት!

"እትዬ! እትዬ! የስንዴዋን ፍሬ አገኘኋት!" ብዬ ስዘል ማጠጫው ከእጄ አምልጦ በአጥሩ ሽንቁር ውኃውን እሳቸው ቀሚስ ላይ ደፋው።

"ወይ ጉዴ፣ ይች ልጅ አበደች!" አሉ። ግን ፊታቸው ተፈታ።

ዓርብ ክፍላችን ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊው ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። እትዬ ስመኝ በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ወደ ሰሌዳው ወጥቼ "ማክሰኞ ሰባ ሰባት ያልኩት ስሕተት ነው" ስል ከኋላ የቢ ልጆች "ኧረ ተይ! ዝም በይ፣ አሸንፈናል እኮ!" ብለው ተንጫጩ። ካርቶኑን ከአጥር ፈትቼ ይዤው ስለነበር ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

"ሰባት ጊዜ ነው ያጠጣነው" አልኩ። "የተረከብንበትን ቀን እኔ አንድ ብዬዋለሁ፤ ይበልጣል ዜሮ ብሏታል። የእሱ ነው ልክ።"

ይበልጣል እንዲህ ሲባል ደንግጦ ቀና አለ። ስምንቱን ሰርዤ ሰባት፣ አሥራ አምስቱን ሰርዤ አሥራ አራት እያልኩ ሰንጠረዡን አስተካከልኩ። ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ። መቶ አንድ ሲቀነስ ሃያ አንድ...

"ሰማንያ" አለ ክፍሉ፣ በአንድ ድምፅ ግን ቀስ ብሎ።

ቲቸር ሙሉቀን ለይበልጣል ጠመኔ ሰጠው። ሁለቱንም መስመር በአንድ ሥዕል ሠራቸው፤ የእነሱን ነጭ፣ የእኛን ቢጫ። የእኛው ሽቅብ ይሮጣል፣ የእነሱ ዝግ ብሎ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲሳቡ ግን ቀረብ ቀረብ እያሉ መጥተው ዘንጉ ላይ አንድ ነጥብ ሆኑ። ልክ እንደ ባላ፣ ከአንድ ግንድ ተነሥተው የተለያዩ።

"ይህ እንግዲህ ስሌት ነው" አሉ ኃላፊው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

"እትዬ" አለ ቲቸር ሙሉቀን ወደ በሩ ዞሮ፣ "ሸምበቆዋን ይዘዋታል?"

እትዬ ስመኝ ከነጠላቸው ሥር አወጧት። ቲቸር ተቀብሎ ለይበልጣል ሰጠው፣ ማስመሪያም ጨመረለት። "አንተ ለካ" አለው። ይበልጣል ሸምበቆዋን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ማስመሪያውን አስጠጋ፤ ጎንበስ አለ፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

"ሰማንያ" አለ። ከዚያ ሳይታዘዝ ሸምበቆዋን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ ሄደና ዝቅ ብሎ ለእትዬ ስመኝ ሰጣቸው። "ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

"ተነሥ ልጄ፣ ይቅር ለእግዜር" አሉት። "ግን ውኃውን በጠዋት አጠጡ።"

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም፤ ጣሪያው ነው የተነሣው! ኃላፊው ራሳቸው ተነሥተው እጃቸውን ጨበጧቸው፣ ውሉም እንደሚታደስ በሰው ፊት ተናገሩ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ፤ አፍንጫዬ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። እትዬ ስመኝ ግን ነገር ሳይገባቸው አይሄዱም፤ ሰሌዳው ድረስ መጡና ሁለቱ መስመሮች የተገናኙባትን ቦታ በሸምበቆዋ ነኩ።

"ዜሮ ያላችሁት ቀን ይህ ነው?"

"አዎ እትዬ" አለ ቲቸር።

"ሁለት መቶ ችግኝ በሸክም ያመላለስኩበት ቅዳሜ? ወገቤ እስከ ማክሰኞ ያልቀናበት? እሱ ነው ዜሮ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ሙሉቀን ተደናግጦ "ዜሮ ማለት እኮ እትዬ... እኛ ገና ምንም ሳንሠራ ማለት ነው" አለ።

"እሱስ እውነት ነው" አሉ እትዬ ስመኝ። "እናንተ ምንም አልሠራችሁም።"

ከፋሲካ በኋላ ጢስ ዓባይ ሄደን ጭሱ እስኪያረጥበን ፏፏቴው ፊት ቆመናል፤ እሱ የራሱ ወሬ አለው። እኔ የማልረሳው ግን የዚያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ስመኝ እንጀራ አቀረቡ፤ ወጡን ከመሐል አፈሰሱት፤ ፈንጠር ያለችውን በጣታቸው መልሰው አስተካከሏት። በልቼ ስጨርስ "ያንን ደብተርሽን አምጭው" አሉኝ። ሰንጠረዡን ገለጥኩላቸው። ማንበብ ባይችሉም ከላይ ወደ ታች በጣታቸው ሄዱበት፣ ከሰባት እስከ ሠላሳ አምስት።

"ያ ቅዳሜ የታለ?"

"አልለካንም እኮ እትዬ። ለዚህ ነው የሌለው።"

"አሁን ታውቆ የለ። ጻፊው።"

ከሁሉም በላይ ጠባብ ቦታ ነበር። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፣ ያቺን ስፈራት የኖርኩትን ክብ፤ ከጎኗ ሰማንያ። እትዬ ስመኝ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ከጎኑ ደግሞ 'ስመኝ ተሸከመች' በይበት" አሉ።

ጻፍኩበት። ሰኞ ቲቸር ሙሉቀን ደብተር ሲያርም እያንዳንዱ መስመር ላይ የእርማት ምልክት አደረገ፤ እሷ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ሁለት ምልክት አደረገባት።